ያልሰማሁት ቀኖና

ጅቡቲ፣ ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለገብረጻድቅ፤

ሰላምታዬ ከባቡሩ ቀድሞ አቃቂ ይግባ። እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ? ልጅህ አሰጋሽ ናዝሬት ካገባች ወዲህ ብቻህን ነህና ምግብህን ማን ያይልሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። አለሁ ስልህ ግን እንደ ወትሮው አይምሰልህ። ደረጃውን ሁለት ጊዜ አርፌ ነው የምወጣው። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ ለልጄ ለበዛብህ በፈረንሳይኛ አንሾካሾከለት፤ እሱም «ደኅና ናት ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። የልጄን ፊት ባላየው ኖሮ አምነው ነበር።

ዛሬ የምለምንህ በርበሬም ቅቤም አይደለም። የአባባን በገና ነው። ትኬት ቆራጩ ዱጉማ እንዳጫወተኝ ያ የስልጤው ባለ ሱቅ፣ ታጁ፣ ድምፅ የሚይዝ ቴፕ ገዝቶ የአገሩን መንዙማ ይሰማበታል። እዚህም በዛብህ የሚሠራበት ቤት እንዲህ ያለው አለ። ጾሙ ሲገባ በገናህን ታቅፈህ ሂድና የአባባን መዝሙር አስይዝልኝ።

ቡልጋ ሳለን ሁዳዴ በገባ ቁጥር አባባ ለአንተ ጣቱን፣ ለእኔ ግጥሙን ሲያስጠናን ትዝ ይልሃል? «ሁለታችሁም ሙሉውን ከያዛችሁ ትለያያላችሁ» ይል ነበር። ግማሽ ግማሹን ይዘን መለያየቱ ግን አልቀረልንም። ግጥሙን ዛሬም አንዲት ቃል አልጣልሁበትም።

ደጅህ ላይ ቆሜአለሁ ዘመኔን ጨርሼ፣
አንዲት ቃል ስጠኝና ልግባ ተመልሼ።

የአንተን ጣት ሳልሰማ መሞት አልፈልግም። ይኸው ነው ልመናዬ።

እኅትህ የሺሐረግ


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለየሺሐረግ፤

የአባታችን አምላክ ልብሽን ይደግፍልሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንሁም። አሰጋሽ ሁለተኛዋን በደኅና ተገላግላለች፤ ስሟን አማረች ብላታለች፣ በሟች እናቷ ስም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር ሞልቶታል፤ ለመዘግየቴ አትቀየሚኝ።

ስለ በገናው የጠየቅሽኝ፣ አውታሩ ተበጣጥሶ ሦስቱ ብቻ ናቸው የቀሩት። የበግ አንጀት አድርቆ የሚያከርልኝ ሰው አላገኘሁም። የታጁም ቴፕ ተበላሽቷል ይባላል። ለሌላ ዓመት ቢሆንስ?

ይልቅ ሰሞኑን የድሮውን ሳስብ ነው የምውለው። አንቺና ነፍሱን ይማረውና ባልሽ ከቡልጋ ጠርታችሁኝ አቃቂ ጣቢያ የወረድሁ ዕለት፣ በገናውን በጋቢ ጠቅልዬ ይዤ፣ ሕፃን የታቀፍሁ መስሏቸው ሴቶቹ ቦታ ለቀውልኝ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ሐዲድ ስጠግን ስድስት ዓመት፤ ከዚያ ደግሞ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ከአማረች ጋር በተክሊል ገብተን፣ ሳንለያይ ቆርበን ኖርን። ሰኔ ላይ ጡረታ ስወጣ ቆጥሬ ቆጥሬ ይህን ሁሉ ዓመት የት እንዳደረስሁት አጣሁት።

አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። አንድ የማውቀው ሰው ነው። ለነፍስ አባቱ ኃጢአቱን ተናዘዘ፤ ቄሱም ቀኖና ሰጡት። ሰውየው ግን ቀኖናው ምን እንደሆነ አያውቀውም። ቄሱ ደግሞ ሞቱ። ይህ ሰው መቁረብ ይችላል? ድሬዳዋ ስትወጪ የምታገኚያቸውን አባ አያናን ጠይቂልኝ። የእኔን ስም ግን አታንሺ።

ወንድምሽ ገብረጻድቅ


ጅቡቲ፣ ጥር 18 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረጻድቅ፤

እንደምን ነህ? በልደት ማግስት ተነሥቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ ተኝቻለሁ። ይህን የምጽፈው ትራስ ተደግፌ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅ።

ገብሬ፣ ሰው እንዴት አቃቂ ተቀምጦ የበግ አንጀት አጣሁ ይላል? ገበያው በየሳምንቱ በግ አይደል የሚያርደው? ጨረቃ ላይ ያለህ አስመሰልኸው። ስለ ታጁ ቴፕ ደግሞ ዱጉማን ጠይቄው ሳቀብኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ መንዙማው እስከ ጣቢያው ድረስ ይሰማ ነበር አለኝ። ውሸት አያምርብህም። ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርህ፤ ስትዋሽ ወሬ ታበዛለህ። ስለ ሐዲድና ስለ ጋቢ ያን ሁሉ ስትጽፍልኝ ገባኝ።

ዱጉማ ሌላም ነገር ነገረኝ። ጣቢያው ላይ ከኋላህ በስምህ ሦስት ጊዜ ጠርቶህ ዞረህ እንኳ አላየኸውም። «ኮርተዋል ወይስ ተቀይመውኛል?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ወዳጅህን በሚመለከት አባ አያናን አስጠይቄአለሁ። የመለሱት ጥያቄ ነው፤ «ረስቶት ነው? ወይስ ሲነገረው አልተቀበለም?» ይላሉ። እኔም እጠይቅሃለሁ፤ ይህ ሰው ማን ነው?

የሺሐረግ


አቃቂ፣ የካቲት 29 ቀን 1959 ዓ.ም.

እታለሜ፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ሳስረዝመው ሌላውን ሳልጽፍ እየቀረሁ አራት ወረቀት ቀድጄአለሁ።

ሰውየው እኔ ነኝ። አልረሳሁትም፣ እምቢም አላልሁም። አልሰማሁትም።

ጆሮዬ ከሞተ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። የሽመና መኪኖቹ ናቸው። መቶ መኪና በአንድ አዳራሽ ሲንኳኳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜአለሁ፤ ሲጀማምረኝ የሁሉም ሰው ድምፅ የራቀ መሰለኝ፣ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። አፉን ከጆሮዬ ገጥሞ ካልጮኸ በቀር የሰው ቃል አይደርሰኝም። የማይሰማ ሰው መኪና ላይ እንደማይቆም አውቃለሁና ደበቅሁ። ካቦው ሲናገር አፉን እያየሁ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ነገሩ የሚከብድ እንዳይመስልሽ፤ ሰው የሚፈልገው አንገት ሲነቀነቅለት ማየት ነው። ማንም አላወቀብኝም።

አማረችም አላወቀችም። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ አንድ ነገር አለችኝ። ረጅም ነገር። ድገሚልኝ ብላት መድከሟ ነው ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁላት። ፈገግ ብላ ዓይኗን ከደነች። እሺ ያልኋት ምኑን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያም አልበቃኝም። ጥር 57 ነው። ደበላ የሚባል የአቃቂ ልጅ፣ ገና ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ከእኔ ጋር በአንድ መኪና ላይ ይሠራ ነበር። ጽሕፈቱ ያማረ ነበርና የክፍላችንን ሰዎች ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፍልን እሱ ነው። ፈትል ተበጥሶ መኪናው ቆመና ሊያወጣው ቀኝ እጁን አስገባ። እኔ ማዶ ማስነሻው ዘንድ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜአለሁ። የጨረሰ መሰለኝና አስነሣሁት። «ቆይ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ከሦስት መኪና ወዲያ ያሉት ሰምተውታል፤ እኔ ክንድ በማይሞላ ቦታ ቆሜ አልሰማሁም። የቀኝ እጁ አራት ጣት ሄደ። ሲጠይቁኝ «ጫጫታው ዋጠው» አልሁ። ተቀበሉኝ። በዚያ አዳራሽ ይህን የማይቀበል የለም። ደበላ ዳነና የበር ዘበኛ አደረጉት።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ወልደገብርኤል ተናዘዝሁ። ደንቆሮነቴን ግን አልነገርኋቸውም፤ ቸልተኛ ሆኜ ነው ብቻ አልሁ። እሳቸው ደግሞ እንደምታውቂው ቀኖና ሲሰጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ፊታቸው መጎናጸፊያቸው ውስጥ ገብቶ ከንፈራቸው አይታይም። ብዙ ተናገሩ። እኔም የለመድሁትን አደረግሁ፤ አንገቴን ነቀነቅሁ። መስቀል አሳለሙኝ። ነገ ተመልሼ እጠይቃለሁ ስል፣ አፍሬ ዛሬ ነገ ስል፣ ነሐሴ ላይ አረፉ።

ጾም ይሁን ስግደት፣ ምጽዋት ይሁን ሱባዔ፣ የተሰጠኝን አላውቀውም። ሁሉንም ሞከርሁ። ዓርባ ቀን ሰገድሁ። ሌላ ሰባት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ጨው ሳልቀምስ ዋልሁ። ግን ያ ይሁን አይሁን ማን ይነግረኛል? ከዚያ ወዲህ አልቆረብሁም። ለአዲስ ቄስ እንዳልናዘዝ የፊተኛው ይዘውት የሄዱት ይቆጠቁጠኛል። እታለም፣ ጨንቆኛል። እንዲህ ሆኜ ብሞት ከአማረች ጋር የቆረብሁት ሁሉ ምን ይሆናል?

በገናውንም ያላስያዝሁልሽ ለዚህ ነው። አውታሩ አልተበጠሰም። መቃኘት አልችልም። አሁን ሳቂብኝ።

ገብረጻድቅ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፤

አልሳቅሁም። በዛብህ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ወደ ግድግዳ ዞሬ አለቀስሁ። ጽሕፈቱ የእሱ ነው፣ ቃሉ የእኔ ነው፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

አባ አያናን ሰው ልኬ ጠየቅሁ። «ያልሰማውን ቀኖና አይፈራው፣ አዲስ ቄስ ይያዝና በግልጽ ይናገር» አሉ። ይህ የእሳቸው ነው። የእኔን ደግሞ ስማ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበብሁት። መምሬ ዘንድ ሄደሃል፣ ሰግደሃል፣ ጨው ትተሃል። ደበላ ቤት ስለመሄድህ ግን አንድም ቃል የለበትም። የሞተው ጆሮህ ነው ወይስ እግርህም አብሮ ሞቷል?

ሂድ። እውነቱን ንገረው።

እዚህ ከተማው ታውኳል። ሽቦ እያጠሩበት ነው፣ የሚባረርም ሰው አለ። ደብዳቤ ቢዘገይ የከፋ ነገር አታስብ።

እኅትህ


አቃቂ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

ነገ ሆሳዕና ነው፤ እንኳን አብሮ አደረሰን። ዱጉማ በሰኞው ባቡር ስለሚሄድ ይህን ከአንድ የቴፕ ክር ጋር እልክልሻለሁ። አዎ፣ ያ ያልሽው ነው።

መጋቢት 24፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ደበላ ቤት ሄድሁ። አጥር እያጠበቀ አገኘሁት፤ ሚስማሩን በተረፈችው አውራ ጣቱ ደግፎ በግራው ይመታል። ሚስቱ በርጩማ አወጣችልኝ። እንደ ቆምሁ ሁሉንም ተናገርሁ፤ መስማት ካቆምሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ፣ መደበቄን፣ ጫጫታው ዋጠው ያልሁት ውሸት መሆኑን። ስጨርስ መዶሻውን አስቀመጠና ይናገር ጀመር። መሬት መሬቱን እያየ ስለነበር አፉን ማየት አልቻልሁም። ተናገረ፣ ተናገረ፣ ደረቱን መታ፣ ወደ ፋብሪካው በር ጠቆመ። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝ።

እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ።

ብትችዪ ተነሥተሽ መጥተሽ በጥፊ በመታሽኝ። አሁንም ነቀነቅሁ! ከአንገቴ ላይ ሰው የሚነቀንቀኝ ነው የሚመስለኝ። ይርገመኝ ይማረኝ ሳላውቅ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እንዳይጽፍልኝ ያ ያማረ ጽሕፈቱ በእኔ እጅ ነው የጠፋው።

የሚገርመው ግን በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ደበላ ራሱ ቤቴ መጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን በገና ጠቆመኝ፣ ከዚያ ወደ ታጁ ሱቅ ጠቆመኝ። ስለ ልመናሽ ያን ዕለት ነግሬው ነበር። ተከትዬው ሄድሁ። ታጁ በሩን ዘግቶ ወለሉ ላይ ጨርቅ አነጠፈልን። የቀረችው አንዲት ክር ስለሆነች በአንድ በኩል የአገሩ መንዙማ አለ፤ በዛብህ ገልብጦ እንዲያስነሣው ንገሪው።

ቅኝቱን ያወጣው ደበላ ነው። እሱ ይሰማል፣ እኔ መቃኛውን አዞራለሁ። ማጥበቅ ሲኖርብኝ አንድ ጊዜ፣ ማላላት ሲኖርብኝ ሁለት ጊዜ በእግሩ ሳንቃውን ይመታል። ሲመታ ሰውነቴ ሳላዝዘው ወደ እሱ ይዞር ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሽመና ክፍል ሰው ወለሉን በእግሩ መምታት ልማዱ ነበርና ለምጄው ይሆናል። ከዚያ አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ ደረደርሁ። ንዝረቱ በጥርሴ በኩል ይመጣልኝ ነበር። አባባን በጥርሴ ሰማሁት፣ እታለም።

ስጨርስ ታጁ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ ደበላ ያዘው። ቴፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ተናገረ። ታጁ ሱቁ ጥግ ዞሮ ዓይኑን ጠረገ። ደበላ ከወጣ በኋላ ምን አለ ብዬ ለታጁ ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁት። የጻፈልኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ለእኅትዎ የተላከ አደራ ነው። እኔ ልከፍተው አልችልም።»

ስለዚህ አንቺ ዘንድ ነው ያለው። እርግማንም ቢሆን ሳታለሳልሺ ጻፊልኝ።

ገብረጻድቅ


አቃቂ፣ ግንቦት 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

እታለም፤ ክሩ ደረሰሽ? ፋሲካ ያለ አንቺ ቃል አለፈ፤ ዳግማይ ትንሣኤም፣ የግንቦት ልደታም አለፉ። ዱጉማ እስከ ድሬዳዋ እንጂ ከዚያ ወዲያ እንዳላሳለፉትና ክሩን ለሌላ ሰው እንደሰጠው ነገረኝ። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም። እባክሽ፣ አንድ መስመር ብቻ።


አቃቂ፣ ሰኔ 25 ቀን 1959 ዓ.ም.

የሺዬ፣

በየቀኑ ጣቢያ እወርዳለሁ። በፋብሪካው በር ማለፌን ትቼ በወንዙ በኩል ነው የምዞረው፤ ደበላ ሰላም ሲለኝ ምን ሆኜ ልመልስለት? ይቅር የተባለ ሰው ሆኜ ነው ወይስ የተረገመ? በሕይወት አለሽ? አንቺ ሞተሽ ከሆነ የእሱም ቃል፣ የአማረችም፣ የመምሬም አንድ ላይ ተቀበረ። ሦስት ሰው ተናግሮኝ አንዱንም ሳልሰማ ልሞት ነው። በዛብህ ይህን ካነበብህ አንተ ጻፍልኝ፣ ልጄ።


ጅቡቲ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወንድሜ ገብሬ፤

አለሁ። ክሩ የደረሰኝ ገና ባለፈው ማክሰኞ ነው፤ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ድሬዳዋ አንድ ሻይ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። በዛብህ መጀመሪያ ሳይገለብጠው አስነሣውና መንዙማውን ሰማን። ደስ ይላል፤ ለታጁ ንገርልኝ። ከዚያ አንተ መጣህ። ሰባተኛው አውታር ትንሽ ረግቧል፤ አባባ ቢሆን ይቆጣህ ነበር። ሦስት ጊዜ ሰማሁትና ግጥሙን ከላይ ከላይ አልሁበት፣ ድምፄ እየተቆራረጠም ቢሆን። ልመናዬ ተፈጽሟል።

ደበላ ያለውን በዛብህ ክሩን እያቆመ ቃል በቃል ጽፎታል። ይኸውልህ፦

«እመት የሺሐረግ፣ እንደምን አሉ? ደበላ ነኝ። ወንድምዎ አሁን አጠገቤ ናቸው፤ እያዩኝ ነው፣ አይሰሙኝም። አለመስማታቸውን ደግሞ የሽመና ክፍል ሰው በሙሉ ድሮ ያውቅ ነበር፣ ገና ወይዘሮ አማረች በሕይወት ሳሉ። ካቦው እንዳያውቅባቸው እኛ ነን የሸፈንናቸው። ስንፈልጋቸው ወለሉን በእግራችን እንመታለን፣ ይዞራሉ። እግር መምታት የእኛ ክፍል ልማድ መስሏቸዋል፤ ለእሳቸው ብለን ነው ያመጣነው። ያን ቀን መምታት ነበረብኝ፤ ደነገጥሁና ጮኽሁ። ስለዚህ ጣቶቼን ከእሳቸው አልፈልግም።

የምፈልገው ሌላ ነው። ሆስፒታል ሦስት ወር ተኛሁ፤ አልመጡም። ዘበኛ ሆኜ በር ላይ ስቆም ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ አቀርቅረው አለፉኝ። ያቃጠለኝ ያ ነው። ባለፈው ቤቴ ሲመጡ ይህንኑ ነገርኋቸው፤ ነቀነቁልኝ። እንዳልሰሙኝ አወቅሁ። እጄ ጤና ቢሆን እጽፍላቸው ነበር። እርስዎ ይጻፉላቸው፤ ደበላ ተቀይሞ ነበር፣ የመጡ ዕለት ትቶታል ይበሉልኝ።

ደግሞ ዛሬ ሳይ በገና የሚመታው በግራ እጅ ነው። ግራዬ ደኅና ነው። እሑድ እሑድ ያስተምሩኝ እንደሆን ይጠይቁልኝ።»

ይኸው ነው። ክሩ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።

ገብሬ፣ አማረች ምን እንዳለችህ ማንም አይነግርህም። እሱን ይዘኸው ትኖራለህ፤ ላጽናናህ ብዬ አልዋሽህም። መምሬ የሰጡህንም አናውቀውም። አባ አያና እንዳሉህ አድርግ፤ ቄስ ያዝና አልሰማም በል፣ ጮኸው ይንገሩህ። የደበላን ግን አሁን ታውቀዋለህ። ግጥሙን ሙሉውን ከዚህ ጋር አስጽፌ ልኬልሃለሁ፤ ለእሱም አስጠናው። ግማሽ እንዳትሰጠው፣ እንደ እኛ።

የሺሐረግ


አቃቂ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለየሺሐረግ፤

ዕድሜ ይስጥሽ። ሌላ ምን እላለሁ?

ትናንት እሑድ በዝናብ መጣ። በገናውን ጭኑ ላይ አስደገፍሁለት፤ በቀኝ ክንዱ አቅፎ በግራው ሞከረ። ጣቱ ወፍራም ነው፣ ይደነቃቀፋል፣ ግን ንዝረቱ ሲመጣ ይደነግጣል፤ እኔም ስጀምር እንደዚያ ነበርሁ።

ሊሄድ ሲል ደፉ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ተናገረኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አንገቴ ሊነቀነቅ ተነሣ። በሁለት እጄ ያዝሁት፤ ወፈፍ ያደረገኝ ሳይመስለው አልቀረም።

«አልሰማሁህም» አልሁት። «ድገምልኝ።»

ደገመልኝ። አልሰማሁም። «አሁንም አልሰማሁም» አልሁት። ተመልሶ ገባና አፉን ከጆሮዬ ገጥሞ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ደረሰኝ። እንዲህ ብቻ ነው ያለው፤ ጫማዬ ጭቃ አስገባብዎ።

ወንድምሽ ገብረጻድቅ